የኪዳነ ምሕረት ቁልቁለት

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። የአይሱዙ ጭነት መኪና ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ የጎማ ብሎን ስፈታ፣ ከደብረ ታቦሩ አስፋልት በኩል ቀጭን የተጣደፈ ትክትክታ መጣ። ወረታ መገንጠያው ላይ የማላውቀው ድምፅ የለም ማለት ይቻላል፤ የትኛው ባጃጅ የማን እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እናገራለሁ። ይኼ ግን የደህና ሳይክል የኋላ ማርሽ ነበር። የእኔዋ ስትዞር ዘይት እንዳጣ ወፍጮ ታቃስታለች። ይኼኛው፣ ነጂው ፔዳሉን አቁሞ ጎማው በራሱ ሲንከባለል፣ ጣትን በማበጠሪያ ጥርስ ላይ እንደማሳለፍ ያለ ነው።

ከመኪናው ሥር ስወጣ አንዲት ሴት አንድ እግሯን መሬት አስረግጣ ቆማለች። ሄልሜት አድርጋለች፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርቋል።

«የኔነህ የሚባል ልጅ እዚህ ነው የሚሠራው?» አለች በአዲስ አበባ አነጋገር።

ጎሚስታ ቤቱ የደስታው ነው፤ እኔ ተቀጣሪ ነኝ። ደስታው ደግሞ ለእኔ የተጠየቀውን ራሱ ካልመለሰ ምሳው አይዋጥለትም።

«አለ እንጂ! ጎማ ይነፋል ብዬ ቀጠርሁት፤ እሱ ደመና ሲነፋ ይውላል። ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም። ዳገቱን ያውቀዋል አሉኝ።»

«ዳገቱንማ ከሱ በቀር የሚያውቀው የለም። አህያ እንኳ ካልጫኑባት የማትወጣውን እሱ በበዓል ቀን ድግስ የተጠራ ይመስል እየሮጠ ይወጣዋል!»

ስሟ ሉሊት ነው። አዲስ አበባ ባለ አንድ የጉዞ ድርጅት ትሠራለች። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት እስፔን ኖራለች። እዚያ አገር ገጠሩ ኮረብታ ነው፤ ኮረብታው ላይ የድሮ ግንብ፣ የድሮ ቤተ ክርስቲያን፣ የተተወ መንደር አለ፤ ሰዎች ከሩቅ አገር እየመጡ በማውንቴን ሳይክል ከአንዱ ታሪክ ወደ አንዱ ታሪክ ይነዳሉ አለችኝ። ድርጅቷ እንዲህ ያለ መንገድ በእኛም አገር ሊከፍት ፈልጎ እሷን ልኳት፣ ባሕር ዳር የሳይክል ጠጋኞችን ስትጠይቅ ሁሉም «ወረታ አንድ ብቻውን የሚነዳ እብድ አለ» ብለዋት ኖሯል።

እብድ መባሌ አላስከፋኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ከሚፈለገው ሦስት ነጥብ ጎድሎ ከቀረ ወዲህ እሑድ እሑድና በዓል በሆነ ቁጥር ዳገቱ ላይ ነኝ። ጓደኛ የለኝም፤ እንዲኖረኝም ብዙ አልሞከርሁም። ሌላው ልጅ ፑል ቤት ሲውል እኔ ከመገንጠያው በላይ ባለው የበቅሎ መንገድ ወጥቼ፣ ሽማግሌዎቹ የንጉሥ ማረፊያ ነበር ከሚሉት የግንብ ፍርስራሽ ሥር እቀመጣለሁ። የየትኛው ንጉሥ እንደሆነ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ከዚያ ሲያዩት የፎገራ ሜዳ እግር ሥር ነው፤ ጣና በስተምዕራብ ፀሐይ ላይ እንደ ተሰጣ አቡጀዴ ይነጣል። ያን መንገድ እንደ ራሴ መዳፍ አውቀዋለሁ። የት ድንጋዩ እንደሚያንሸራትት፣ የት በፊት ፍሬን መያዝ ሞት እንደሆነ፣ የት እጅን ለቅቆ መሄድ እንደሚቻል። አንድም ቀን ግን «ይኼን መንገድ አሳየኝ» ያለኝ ሰው አልነበረም።

ይኼ የሆነው መንገዱ ገና ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው።

በማግስቱ ወሰድኋት። ግማሹን ነድተን ግማሹን ገፍተን ወጣን። ከእኔ የተሻለ ትነዳለች፤ ዳገት ላይ አታወራም፣ ማርሿን ቀድማ ታወርዳለች። ፍርስራሹ ጋ ስንደርስ ሄልሜቷን አውልቃ ቁልቁል ተመለከተች። ሜዳው ላይ ሩዙ እየታጨደ ነበር፤ ክምሩ ከላይ ሲታይ የተዘራ ጤፍ ፍሬ ያህላል።

«እዚህ ተቀምጠህ ምን ታስባለህ?» አለችኝ።

«ምንም። አንዳንዴ የንጉሡ በቅሎ ምን እንዳየች አስባለሁ።»

ሳቀች። የሳቀችብኝ አልመሰለኝም።

ከፍርስራሹ ወደ ማዶው ሲወረድ ነው ዋናው መንገድ ያለው። ሌላው ሁሉ ለሱ ሲባል የሚወጣ ዳገት ነው። ኪዳነ ምሕረት ከኮረብታው ወገብ ላይ አለች፤ ቁልቁለቱ የቅጽሩን ግንብ እየታከከ በደጀ ሰላሙ ፊት ያልፋል። በዚያ በኩል መሬቱ በጥንት እጅ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ንጣፉ በዘመን ብዛት ለስልሶ እንደ ወንዝ ታጥፎ ይወርዳል። ንጣፉ ከሚጀምርበት ዋርካ እስከ ጸበሉ ምንጭ ሁለት መቶ እርምጃ ይሆናል። እና እኔ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ ያችን ሁለት መቶ እርምጃ አንድም ቀን ነድቻት አላውቅም ነበር።

ምክንያቱን እዚያው ዋርካው ሥር ነገርኋት። የመጀመሪያ ቀን እዚህ ስደርስ ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ ቄስ ገብረማርያም፣ መቋሚያቸውን መንገዱ ላይ አጋድመው አቆሙኝ።

«ልጄ፣ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲደርስ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«ይወርዳል።»

«ራስ ቢሆንስ?»

«ይወርዳል።»

«ንጉሥ ቢሆንስ?»

«ይወርዳል፣ አባ።»

«እንግዲያ ያንተ በቅሎ ገለባ ስለማትበላ ነው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዋርካው ጋ እወርዳለሁ። ሳይክሌን እየገፋሁ እሄዳለሁ፤ ደጀ ሰላሙ ጋ እሳለማለሁ፤ ቄሰ ገበዙ ካሉ ከድንጋዩ ወንበራቸው ተነሥተው መስቀላቸውን ያሳልሙኛል፣ «በቅሎህ ደህና ናት?» ይሉኛል፣ «ደህና ናት» እላለሁ። ምንጩን ካለፍሁ በኋላ እወጣባታለሁ። ለእኔ የሚነሣልኝ ሰው ከሳቸው ሌላ እንደሌለ ያኔ አላሰብሁትም።

ሉሊት ሰምታ ወረደች። ነጠላ ባይኖራት በአንገት ልብሷ ራሷን ሸፈነች። ቄሰ ገበዙ አሳለሟት፤ የሷን ሳይክል ዞረው አዩና «ይቺስ የባላባት በቅሎ ናት» አሉ። ደስ አለኝ።

ጉዳያችንን ያን ቀን ነገርናቸው። ከጥምቀት በኋላ ስምንት ሰዎች ይመጣሉ፤ ከዚያም በየወሩ። መንገዱ የቤተ ክርስቲያን ይዞታ ስለሚያቋርጥ የሰበካ ጉባኤው ፈቃድ በማኅተም ያስፈልጋል። ቄሰ ገበዙ ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና፣

«እነሱም እንዳንተ ይወርዳሉ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«ይወርዳሉ፣ አባ። የምመራቸው እኔ ነኝ።»

«አንተ ከመራሃቸው እኔ ቃልህን ይዣለሁ። ለሽማግሌዎቹም እነግራለሁ።»

እንደምመራቸው ሉሊት ነግራኝ ነበር። መሪ። አዲስ ሳይክል፣ ስሜ የታተመበት ሸሚዝ። ሌሊቱን ሙሉ ያን ሸሚዝ ስለብሰው አደርሁ። የደስታው ጎሚስታ ፊት ለፊት ለብሼው ሳልፍ፣ የክፍሌ ልጆች ከፑል ቤቱ በር ላይ ሲያዩኝ። ከሁሉም በላይ ግን መንገዱ፣ ሰው «የየኔነህ መንገድ» ሲለው።

በሦስተኛው ቀን ሉሊት ሄልሜቷ ላይ ካሜራ አሰረች። ለድርጅቷ ከፍርስራሹ እስከ ሜዳው ያለውን ቁልቁለት ሳይቋረጥ መቅረጽ አለባት። ከኋላዬ ትከተለኛለች።

«የኔነህ፣ ዛሬ ዋርካው ጋ ባንወርድ ምን ይመስልሃል?» አለችኝ ጓንቷን እያጠበቀች። «አንዴ ብቻ። ስንቆም ቪዲዮው ይሞታል። እስፔን እኮ በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ሳይቀር ነው የሚነዳው፤ ማንም ምንም አይልም።»

«እዚህ ይላል።»

«ዛሬ በዓል አይደለም፤ ሰው አይኖርም። ቢኖርም ኋላ ታስረዳቸዋለህ። ይወዱህ የለ?»

እሷ አሳሳተችኝ ብዬ ለደስታው ነግሬዋለሁ፤ ለእናቴም። እዚህ ግን እውነቱን ልጻፍ። እሷ ከመጠየቋ በፊት ልቤ ወስኖ ነበር። አራት ዓመት ያን የተነጠፈ ድንጋይ እየገፋሁ ስወርድ፣ እግሬ እየሄደ ዓይኔ ይነዳው ነበር። እዚህ ጋ ክብደት ወደ ኋላ፣ እዚህ ጋ ፍሬን መልቀቅ፣ መታጠፊያው ላይ ባለው ገደል አፍ ቀኝ ጉልበትን ማውጣት። እምቢ ለማለት ምክንያት ነበረኝ። እሺ ለማለት ደግሞ ሰበብ መጣልኝ።

ከፍርስራሹ ተነሣን። ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ዋርካው መጣ፤ ጥላው ፊቴን መታኝና አለፈ። ንጣፉ ጎማዬ ሥር ሲገባ ከጠበቅሁት በላይ ነበር፤ ሳይክሌ አላቃሰተችም፣ እንደ ውሃ ነው የወረድነው። ጮኼያለሁ መሰለኝ፤ በደስታ።

ቄሰ ገበዙ ደጀ ሰላሙ ፊት፣ በድንጋዩ ወንበር ላይ ነበሩ። ስመጣ አዩኝና እንደ ልማዳቸው ተነሡ። መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው፣ ልሳለመው ዘንድ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

አለፍኋቸው።

ፍሬን መያዝ እችል ነበር። ጣቴም ፍሬኑ ላይ ነበር።

ምንጩን አልፈን፣ ሜዳው ጠርዝ የሩዝ አውድማ ጋ ስንቆም ሉሊት እየተፍለቀለቀች አቀፈችኝ። እዚያው ስልኳ ላይ አሳየችኝ። የእኔ ጀርባ፣ የዋርካው ጥላ፣ ንጣፉ፤ ከዚያ በግራ በኩል አንድ ሽማግሌ ቄስ ቆመው፣ መስቀላቸው አየር ላይ ተዘርግቶ፣ አንገታቸው እኔን ተከትሎ ሲዞር። ሉሊትም ስታልፋቸው እጃቸው እንደተዘረጋ ነበር።

«ይቺ ቦታ!» አለች ጣቷን እያስቀመጠች። «ከሁሉም የምታምረው ይቺ ናት። ባርከው የሚሸኙን ነው የሚመስለው።»

«እየባረኩን አልነበረም» አልሁ።

«ለሚያይ ሰው ነው ያልኩት።»

በአራተኛው ቀን ገበያ ነበር። ከኮረብታው የሚወርዱት አያ አዛናው፣ የኪዳነ ምሕረት ሰበካ ሽማግሌ፣ ሽንኩርታቸውን አራግፈው ባዶ ጆንያ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ ጎሚስታው መጡ። ሲቀልዱ የማውቃቸው ሰው ናቸው፤ ያን ቀንም ቀልዱ አልተዋቸውም።

«አንተ የብረት ፈረሰኛ! አሁንማ ለታቦትም አትወርድ ሁነሃል አሉ። ሹመቱ መቼ ደረሰህ? እንኳን ደስ ያለህ!»

«አያ አዛናው፣ ምን አሉ ቄሰ ገበዙ?»

«ምን ይላሉ! ምንም አላሉ። እሱ ነው የከፋው። ሰው ቢሰድብ ደግ ነው፣ ይወጣለታል። እኛ ግን ተቀመጥን፣ መከርን፤ መንገዱን በግራር እሾህ አጥረነዋል። ለሳይክልም ለብስክሌትም!»

«ሁለቱም አንድ ነው፣ አያ» አለ ደስታው።

«አንድ ከሆነማ በአንድ እሾህ ይበቃዋል።»

እኔ አልሳቅሁም። አያ አዛናው ፊቴን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማኝ ልጄ። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ድንጋይ ተሸክመህ ና። ዋርካው ሥር፣ በሰው ፊት። እኔ አባትህን አውቀዋለሁ፤ አማላጅ እሆንሃለሁ። ድንጋይ የተሸከመን ሰው አውርድ ሳይል የቀረ ቄስ አላየሁም፤ ደም የተቃባ እንኳ ይወርድለታል። አንተ ምን አርገሃል? አልወረድህም፤ እንግዲህ ትሸከማለህ።»

ማታውኑ ሉሊት ወዳረፈችበት ሆቴል ሄጄ ነገርኋት። አብራኝ እንድትመጣ ለመንኋት። ሁለት ነበርን ያለፍናቸው።

«ድንጋይ? አንገቴ ላይ?» አለች። ልታፌዝ አልፈለገችም፤ በእውነት አልገባትም። «እኔ እኮ እንግዳ ነኝ፣ የኔነህ። ከእኔ ማን ይጠብቃል? አንተ ልጃቸው ነህ፤ አንተን ይምሩሃል።» ከቦርሳዋ የታተመ ወረቀት አወጣች። «ሰኞ ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ያለ ማኅተም ከሄድኩ መንገዱ በሌላ ይተካል፤ በሌላ በኩል የሚጠብቁኝ ልጆች አሉ። ይቅር ሲሉህ፣ እዚያው ልባቸው ሳይቀዘቅዝ አስፈርማቸው።»

«በዚያው ቀን?»

«ሌላ ቀን የለንም።»

ወረቀቱን ተቀበልሁ። እቤት ሄጄ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት አጠፍሁትና በነጩ ሸሚዜ ደረት ኪስ ከተትሁት።

እሑድ ሳይክሌን ቤት ትቼ በእግሬ ወጣሁ። ከፍርስራሹ ሥር ድንጋይ መረጥሁ። ትንሽ ብመርጥ ይታዘቡኛል፣ ትልቅ ብመርጥ ትዕቢት ይመስልብኛል እያልሁ ሦስት ድንጋይ አንሥቼ ጣልሁ። አራተኛውን ማጅራቴ ላይ አስቀምጬ በሁለት እጄ ይዤ ወረድሁ። ዋርካው ጋ የግራር እሾሁ ተከምሯል፤ ለእግረኛ ብቻ አንድ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ በጎኑ ትተዋል።

ቅዳሴ ወጣ። ሰው ነጭ ለብሶ ከቅጽሩ እየወጣ ሲያየኝ ወሬው ቆመ። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ቄሰ ገበዙ በመጨረሻ መጡ፤ መቋሚያቸውን ከግንዱ አስደግፈው ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም።

«ስለ ኪዳነ ምሕረት ብለው ይቅር ይበሉኝ፣ አባ» አልሁ ጎንበስ ብዬ። ድንጋዩ አንገቴን ቆርጦ ይዞኛል። «በድያለሁ። ቃሌን በልቻለሁ።»

«ይበሉ እንግዲህ ቄሰ ገበዝ» አሉ አያ አዛናው ብድግ ብለው። «ልጅ ነው፤ አጥፍቷል፤ አምኗል። አባቱ ይኼን ንጣፍ በጎርፍ ጊዜ የጠገነ ሰው ነው። አውርድ ይበሉት።»

«አውርድ ይበሉት» አሉ ሌሎቹም።

ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው የቀበጠ ልጁን እንደሚያይ አባት ዓይን ነበር፤ ቁጣ አላየሁበትም። እጃቸውን ወደ ድንጋዩ ሲዘረጉ፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ብዬ የበለጠ ጎነበስሁ። ያኔ ነው ወረቀቱ ከኪሴ ሾልኮ እግራቸው ሥር የወደቀው።

አነሡት። ሰው የወደቀበትን እቃ አንሥቶ ለመስጠት እንደሚያነሣ ነው ያነሡት። ከዚያ የድርጅቱን ምልክት አዩ። መነጽራቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ ፈልገው አወጡ፤ ገለጡት፤ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ብዙ አይደለም። «እኛ የሰበካው ጉባኤ አባላት በሙሉ ፈቃዳችን የተስማማን መሆናችንን በማኅተማችን እናረጋግጣለን» ይላል፤ ከሥሩ የእሳቸው ስም በታይፕ ተጽፎ ለፊርማ ነጥብ ነጥብ ተደርጎለታል።

«ምንድን ነው?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«የመንገዱ ፈቃድ ነው» አልሁ እንደጎነበስሁ።

«ዋ! ይኸ ልጅ!» አሉ አያ አዛናው ነገሩን በሳቅ ሊያሻግሩት። «አንድ ድንጋይ ለሁለት ጉዳይ? ንገረን እስቲ፤ የተሸከምኸው ለይቅርታው ነው ወይስ ለማኅተሙ?»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

ለይቅርታው ነው ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግማሽ እውነትም ነበረው። ቄሰ ገበዙ ግን ከመነጽራቸው በላይ እያዩኝ ነበር፤ እሳቸውን ሁለተኛ ማታለል አቃተኝ።

«ለሁለቱም ነው» አልሁ።

ሳቁ ተቋረጠ። አያ አዛናው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን በራሱ እጥፋት፣ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት፣ መልሰው አጠፉት። ቀረቡኝ። ሊያወርዱልኝ ነው ብዬ እጄን ከድንጋዩ አላላሁ። ወረቀቱን ደረት ኪሴ ውስጥ መለሱት፤ ቁልፉንም ቆለፉልኝ፤ ሸሚዙን በመዳፋቸው አንድ ጊዜ አስተካከሉት። ከዚያ መቋሚያቸውን ከዋርካው ግንድ አነሡ።

«ቄሰ ገበዝ!» አሉ አያ አዛናው። «ኧረ ልጁ ተሸክሞ ቆሟል! አንዲት ቃል እኮ ናት!»

ቄሰ ገበዙ በእሾሁ ጎን ባለው ቀዳዳ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሾለኩና፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ንጣፉን ይዘው ወረዱ።